ለፍየሏ የተላከ የጥሪ ካርድ

ቡናን ያገኘችው ፍየል ናት። ይህን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ለፍየሏ ግን እስካሁን የነገራት የለም። ታሪኩን ልጅ አዋቂው በቃሉ ይወጣዋል፦ እረኛው ካልዲ ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ ቀምሰው ሲፈነጩ አየ፣ እሱም ቀመሰ፣ ሮጦ ለመነኩሴ ነገረ፣ መነኩሴው ፍሬውን እሳት ላይ ጣለው፣ መዓዛው አገር ምድሩን አወደው። መርዝ ሆኖ ቢገኝ መጀመሪያ የምትደፋው ፍየሏ ነበረች። መልካም ሆኖ ሲገኝ ግን ካፌ የሚሰየመው በእረኛው ስም ሆነ፣ ጽድቁ ለመነኩሴው ተጻፈ። ለእሷ የደረሳት በዓሉን ማድመቅ ነው፤ ቆዳዋ ከበሮ ላይ ተወጥሮ።

እርግጥ የእረኛውም ስም ቢሆን ቆይቶ የተለጠፈ ነው። በ1671 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ስለ ቡና በላቲን የጻፈው ማሮናዊው ፋውስቶስ ናይሮን ታሪኩን ሲያወራ እረኛውን በስም አይጠራውም። ቦታውን ዐረብ አገር አድርጎታል፤ እንስሳውም ግመል ይሁን ፍየል ቁርጡን ሳይነግረን አልፏል። ከዚያ ወዲህ እረኛው ስም ወጥቶለት፣ ኮፍያ ተደፍቶለት፣ በትር ተሰጥቶት በየግድግዳው ተስሏል። ፍየሏ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ከግመል ጋር ክርክር ላይ ናት፤ ቀጠሮውም ለሌላ ጊዜ ተላልፏል።

የትውልድ ቦታዋም ጉዳይ ገና አልተቋጨም። በጎማ ወረዳ ከአጋሮ ወጣ ብላ የምትገኘው ጮጬ የቡና መገኛ እኔ ነኝ ትላለች፤ ከታ ሙዱጋ የሚባለውን ስፍራም ታሳያለች። ቦንጋ በበኩሏ ወደ ማንኪራ ጫካ ጣቷን ትቀስራለች፤ ብሔራዊውም የቡና ሙዚየም የቆመው እሷ ዘንድ ነው። በሁለቱም ቤት ቡና ስለሚያጠጡኝ እኔ በዚህ ክርክር ውስጥ አልገባም። ፍየሏን ብትጠይቋት ደግሞ ያኔ መታወቂያ እንዳልያዘች፣ ድንበርም ሳትጠይቅ ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ እየዘለለች ትበላ እንደነበር ትነግራችኋለች። ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ የሚለው ተረት የወጣው እሷን ለማማት ነው፤ ያን ቅጠል ባትበጥስ ኖሮ ዛሬ ምን ጠጥተን እንደምናማት ግን ተረት አውጪው አልነገረንም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጅማና በዙሪያዋ ያሉት የቡና ከተሞች በዓል በበዓል ይሆናሉ። ነሐሴ 13 ቡሄ ሲደርስ ልጆች በጭቃው ሜዳ ላይ ጅራፍ እያጮኹ ሙልሙል ለመልቀም ይወጣሉ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ መውሊድም ወደ ክረምቱ ማብቂያ ተጠግቶ አንዱ ሰፈር ሲጨርስ ሌላው ይጀምራል። ጳጉሜን 3 የሩፋኤል ዝናብ ሲወርድ ልጆች ልብሳቸውን ጥለው ይሮጡበታል። ቀጥሎ እንቁጣጣሽ፣ ቀጥሎ ደመራ፣ ቀጥሎ ኢሬቻ። ከእነዚህ መካከል ቡሄና ሩፋኤል አንድ ደግነት አላቸው፤ አስተባባሪ ኮሚቴ የላቸውም። ቡሄን የሚያስተባብረው ልጅ ነው፣ ሩፋኤልን የሚያስተባብረው ዝናብ ነው። ቲሸርት አይታተምባቸውም፣ ሪፖርት አይጻፍባቸውም። እስካሁን ሳይበላሹ የቆዩትም በዚሁ ይመስለኛል።

ኮሚቴ ያላቸው በዓላት የመጡት ኋላ ነው። ጳጉሜንን ራሷን ውሰዷት። ለዘመናት አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ቀን ሆና፣ ደሞዝ የማይከፈልባት፣ ከማንም ጋር ሳትጣላ የምታልፍ ምስኪን ወር ነበረች። አሁን እያንዳንዷ ቀን የክርስትና ስም ወጥቶላታል። በ2015 ዓ.ም. የአገልጋይነት ቀን፣ የመሥዋዕትነት ቀን፣ የበጎነት ቀን፣ የአምራችነት ቀን፣ የትውልድ ቀን፣ የአብሮነት ቀን ተባሉ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የመሻገር፣ የሪፎርም፣ የሉዓላዊነት፣ የኅብር፣ የነገ ቀን ሆኑ። ስሞቹ ያማሩ ናቸው፤ ስም ሲያምር ደስ ይለኛል። በአገልጋይነት ቀን አገልጋዩን ላመስግን ብሎ ወደ አንድ ቢሮ የሄደ ሰው «ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ይምጡ» ተባለ፤ የነገ ቀን የመጣችው ግን በዓመቱ ነው። በአብሮነት ቀን ሁላችንም አብረን ወረፋ ያዝን። የመሥዋዕትነት ቀን በድምፅ ማጉያ ሲታወጅ ግን በከተማችን አጥር ስር ታመነዥክ የነበረች አንዲት ፍየል ብድግ ብላ ወደ ጫካ ገባች። ቋንቋ አታውቅም የሚላት ይሳሳታል።

እኔ የማወራው ስለ ፍየል ነው። ሌላ ነገር የሸተተው አንባቢ ካለ ጉንፋን ይዞት ይሆናል፤ ወቅቱም ክረምት ነው።

እንግዲህ ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ አንዲት የቡና ከተማ አለች እንበል። ስሟን አልጠራም፤ በዚያ መንገድ ላይ ያሉት ሁሉ እኔን ነው እንዳይሉ፣ ወይም እኔን አይደለም ብለው እንዳይቀየሙ። በዚህች ከተማ የቡና ቀን ሊከበር ነው። ቀኑ የተመረጠው በጳጉሜን ነው፤ እንግዶቹ የሚመቻቸው ያኔ ስለሆነ። ቡናው አልተጠየቀም። ብትጠይቁት በነሐሴና በጳጉሜን ገና እንጭጭ ነው፤ እየቀላ ለለቀማ የሚደርሰው ከመስከረም ወዲያ ነው። የቡና ቀን ቡና በሌለበት ወር መዋሉ ግን ማንንም አልከነከነውም። እንዲያውም አንዱ የኮሚቴ አባል «ቀይ ፍሬ በፎቶ አለን» አለ።

በዚያው ወር ቤት ውስጥ ያለው ነገር ያልቃል። በቆሎው አልደረሰ፣ ያምናው ጀንፈል ተሽጦ አልቋል፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፣ ደብተርና ዩኒፎርም ይጠየቃል። ስለዚህ ባለ ማሳው ያልቀላውን ፍሬ በዛፉ ላይ እንዳለ ለነጋዴ ይሸጠዋል፤ ዋጋውን ገዢው ይነግረዋል። ኅዳር ላይ ፍሬው ሲቀላ የሚለቅመው እሱ ነው፣ የሚጭነው ሌላ ነው። ይህ ሁሉ ግን ከፍየሏ ጋር ምንም ስለማያገናኘው ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ እንዳትሉኝ ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ለቡና ቀኑ መዋጮ የተጠየቀው ግን በዚያው ሳምንት ነው። ደረሰኝ አለው፤ በደረሰኙ ላይ «በፈቃደኝነት» የሚል ቃል ታትሟል። በማን ፈቃድ እንደሆነ ቦታ ስላልበቃ አልተጻፈም።

ዝግጅቱ ደመቀ። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሆነና አጥሩ በአንድ ቀን ተቀባ፤ ወደ አስፋልቱ የዞረው ፊቱ ብቻ። ወደ ቡናው የዞረው ጀርባው ያው እንደ ዛገ ነው፤ እንግዳ በዚያ በኩል አይመጣማ። ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ተከራይቶ ሽፋን ለበሰ፣ ወገቡም በአረንጓዴ ጨርቅ ታሰረ። ጅማ ከአንድ ግንድ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ስትጠርብ የኖረች አገር ናት። ወንበር የጠረበ ወንበር ላይ ተቀመጠ የሚል ታሪክ ግን በአካባቢው አልሰማሁም። በርጩማው በዕለቱ ከመድረኩ ፊት ለእይታ ተደረደረ፤ በላዩ ላይም «እባክዎ አይቀመጡ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ጠራቢው ከገመዱ ወዲያ ቆሞ ነበር።

ከንግግር አድራጊዎቹ አንዱ ስለ አባ ጅፋር ማውራት ጀመረ። መልካም አደረገ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዛ፣ ከጅሬን ኮረብታ ላይ ከተማይቱን ቁልቁል የሚያይ ቤተ መንግሥት የሠራ ሰው ነው። የሂርማታ ገበያም በዘመኑ ሐሙስ ሐሙስ ከሩቅ አገር ነጋዴ የሚጎርፍበት ነበር። ለምኒልክ ግብሩን በሰዓቱ እየከፈለ አገሩን ከጦርነት አዳነ። ተናጋሪው ከዚህ ላይ ደርሶ «እኛም ከአባቶቻችን የወረስነው ግብር ነው» ሲል ከኋላ ያሉት አጨበጨቡ፤ ከፊት ያሉት ምሳ ደረሰ ብለው ተነሡ። በአዳራሹ ግብር ከፋዩና ግብር በዪው የተለዩት ያኔ ነው፤ በጨዋነት፣ ማንም ማንንም ሳይገፋ።

የፍየሏ ነገር የተነሣው ግን ከዚህ ሁሉ በፊት፣ በዝግጅት ስብሰባው ላይ ነው። አንድ ከበስተኋላ የተቀመጡ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየና ዕድሉን ሰጣቸው።

«ልጄ፣ ይሄን ቡና ያገኘችልን ፍየል ናት ትላላችሁ። በዓሉ ላይ እሷ የት አለች?»

«ኦቦ፣ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። ፍየሏ ተካትታለች። ሰነዱ ገጽ 4 ላይ ‹መስተንግዶ› የሚለውን ይመልከቱልኝ።»

«ዓይኔ አያይም፣ አንብልኝ።»

«በሁለት መልኩ ነው የምትሳተፈው፤ በጥብስና በቅቅል።»

«እሷ ተስማምታለች?»

«ኦቦ፣ የፍየሏን ድምፅ በተመለከተ ሰፊ የማወያየት ሥራ ተሠርቷል። ስትጮህም ሰምተናታል፤ አስተያየቷን እንደ ግብዓት ወስደነዋል።»

ሽማግሌው አመስግነው ተቀመጡ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ከተሳታፊዎች ለተነሣው ጥያቄ በቂ ማብራሪያ ተሰጥቷል» ተብሎ ሰፈረ።

አንድ የተቆርቋሪነት መንፈስ ያደረበት ወጣት ግን ለፍየሏም እንደማንኛውም የክብር እንግዳ የጥሪ ካርድ ይጻፍላት ብሎ አስወሰነ። ካርዱን አይቼዋለሁ። ወፍራም ወረቀት ነው፣ ጠርዙ ወርቅማ። «ክብርት ሆይ፣ በመገኘትዎ በዓላችንን ያጣፍጡልን ዘንድ በታላቅ አክብሮት ጠርተንዎታል» ይላል። «ያደምቁልን» ነበር የተባለው፤ የጻፈው ልጅ ሳይርበው አልቀረም። ከታች በትንሹ «ካርዱ ለአንድ ሰው ብቻ ያገለግላል» ይላል። ፍየሏ ካርዱን አሽትታ በላችው። እስከ ዛሬ ለቡና ካገለገሉት ወገኖች መካከል ከበዓሉ አንዳች ነገር የቀመሰች የመጀመሪያዋ እሷ ሳትሆን አትቀርም።

ዜናው በዋዜማው ተጽፎ አልቋል፤ «በድምቀት ተከብሮ ዋለ» ይላል። ዝናብ ቢጥል፣ መብራት ቢጠፋ፣ የማርሽ ባንዱ መኪና ጭቃ ቢይዘው፣ በዓሉ በድምቀት ከመከበር የሚያድነው የለም። የመሠረት ድንጋይም ተጥሏል። ቡና ብትተክሉ ለማፍራት ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል፣ ጥላ ዛፍ ይፈልጋል፣ ኩትኳቶ ይፈልጋል። የመሠረት ድንጋይ ግን በተተከለበት ዕለት ያፈራል፤ ፍሬውም ውሎ አበል ይባላል። በሽታ የማይነካው፣ ውርጭ የማይመታው፣ ዓመት በዓመት እዚያው ጉድጓድ ውስጥ መልሶ ሊተከል የሚችል ዝርያ ነው።

ስለ ዝርያ ካነሣን፣ መልኮ ላይ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው ዝርያዎች አሉ። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን ገብቶ እንጭጩን ፍሬ እያጠቆረ ሲጥል፣ ባለሙያዎች ጫካ ለጫካ ዞረው በሽታው ያልጣላቸውን ዛፎች መረጡ። በ1974 እ.ኤ.አ. ከኢሉባቦር በኩል ከተመረጡት መካከል 74110 እና 74112 የሚባሉት ይገኛሉ። ዛሬ በባሕር ማዶ የቡና ጥቅል ላይ እነዚህን ቁጥሮች አንብቦ የሚገዛ ሰው አለ። የቡና ማሳን ያተረፉት ዛፎች ስም እንኳ አልወጣላቸውም፤ እንደ ሆቴል ክፍል በቁጥር ይጠራሉ። ስሙ ሁሉ ለጳጉሜን አልቆ ይሆናል።

ጅማ ራሷም በዓለም የቡና ገበያ የምትታወቀው በቁጥር ነው፤ «ጅማ 5» ይሏታል። ሳይታጠብ የደረቀ፣ ከየቦታው ተሰብስቦ የተደባለቀ፣ አምስተኛ ደረጃ። ከዚያው አካባቢ ታጥቦ የሚወጣው ደግሞ ሊሙ በሚል ስም በተሻለ ዋጋ ይሸጣል። ክፍል ውስጥ 5ኛ ለወጣ ልጅ ፍየል አይታረድለትም፤ እኛ ግን በየዓመቱ እናርዳለን። በ2017 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ገበያ የአንድ ፓውንድ ቡና ዋጋ ከ4 ዶላር አልፎ ታሪክ ሠራ ሲባል ከተማችን ውስጥም ደስታ ሆነ። ሥርዓቱም እንደ ጥንቱ ነው፦ አቦሉ ባሕር ማዶ ይጠጣል፣ ቶናው አዲስ አበባ ይደርሳል፣ በረካው ጀበናው ካልነጠፈ ወደ ባለ ማሳው ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ በደቡብ ምዕራብ የቡናውን ቅጠል በቅመም አፍልቶ የሚጠጣ ብዙ ሰው አለ። ፍሬው ሄዶ ቅጠሉ የቀረለት እሱና ፍየሏ ብቻ ናቸው፤ ይህ እንግዲህ ዝምድና ነው።

ያለ ኮሚቴ የሆነ ነገርም አለ፤ ለበዓሉ ድምቀት ስለማይመች በንግግሩ ውስጥ አልገባም። በአጋሮ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች በ2010 እ.ኤ.አ. ዱሮሚና የሚባል የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው ማጠቢያ ጣቢያ ተከሉ። ቀይ ፍሬውን ለይተው እየለቀሙ፣ በዚያው ዕለት እየፈለፈሉ፣ በአልጋ ላይ እያገላበጡ አደረቁት። በ2012 እ.ኤ.አ. ከየአገሩ የተሰበሰቡ ዳኞች ቀምሰው የአፍሪካ ምርጥ ቡና አሉት። ሲያወሩት ቀላል ነው። ሌሊቱን ሙሉ ፍሬ ሲታጠብ አጠገቡ የቆመ ሰው የሚያውቀው ግን ብርዱን ነው፤ ክንድ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ ተንሳፋፊውን ፍሬ መለየት፣ ሲነጋ ደግሞ አልጋው ላይ ጎንበስ ብሎ የተሰበረውን ፍሬ አንድ በአንድ ማውጣት። ጅማ 5ን ወደ አንደኛ ያወጣው ውኃው ነበር። ይህን ለአንድ የኮሚቴ አባል ሳጫውተው በጥሞና ሰምቶኝ ሲያበቃ «ሪባኑን የቆረጠው ማን ነበር?» አለኝ።

የጎረቤቶቻችንም ነገር እንደዚያው ነው። የየም ሕዝብ በየዓመቱ ጥቅምት 17 ወደ ቦር ተራራ ይወጣል። የመድኃኒት ዕፅዋት የሚለቀምበት ቀን ነው፤ ሳሞ ኤታ ይሉታል። ሽማግሌው ከወጣቱ ጋር ይወጣል፣ ቅጠሉን ሥሩን ያሳየዋል፣ ሲመለሱ ለዓመት የሚሆን መድኃኒት ይዘው ነው። እኛም ልምድ ለመቅሰም ልዑካን እንላክ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ተራራው ድረስ መኪና አይገባም ሲባል ሐሳቡ ለቀጣዩ በጀት ዓመት ተላለፈ።

በበዓሉ ማግስት የግምገማ ስብሰባ ተደረገ። ጠንካራ ጎን፦ ሁሉም። ደካማ ጎን፦ ጊዜ ማጠር፣ የጥብሱ በርበሬ መብዛት። ከዚያ ያው ሽማግሌ እንደገና እጃቸውን አወጡ። ሰብሳቢው ፊቱ ጥቂት ጠቆር አለ፤ ቢሆንም ደግ ሰው ነውና ፈቀደላቸው።

«ልጄ፣ ለሁሉም ቀን አወጣችሁ። ለእሷስ?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ የዕቅድ ክፍል ኃላፊው የዘመን መቁጠሪያውን ገለጠ። በ2019 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን ናት፤ አንድ ትርፍ ቀን አለች፤ ገና ማንም ስም ያላወጣላት። የፍየል ቀን ብንላትስ? ሐሳቡ በጭብጨባ ተደገፈ። ሽማግሌው ራሳቸው ሳያጨበጭቡ አልቀሩም፤ ወይም እጃቸውን አሹ፣ ከሩቅ አይለይም። ዕለቱ ፍየሏን በሚመጥን ድምቀት እንዲከበር፣ በዚህም ከሌሎቹ በዓላት በእጥፍ የሚበልጥ ፍየል እንዲቀርብ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። የቢላው ጉዳይ ለግዢ ክፍል ተመርቷል፤ ጨረታው መስከረም ላይ ይወጣል።